ላም አለኝ በሰማይ፦ ስለ «ሰማይ ቦቴ» ሒሳብ ለወጣቱ የተደረገ ንግግር

(ዘመሮ ላይ ለወጣቶች ያደረግሁት ንግግር ነው። ያልነበራችሁ ጻፍልን ስላላችሁኝ እንደተናገርኩት አስቀመጥኩት። ረዘም ይላል፤ ኔትወርክ ሲገኝ በትዕግሥት አንብቡት።)

በዚህ ብርድ ጋቢያችሁን ደርባችሁ እኔን ለመስማት ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ታላላቆቻችንም ከኋላ ተቀምጣችኋል፤ ከተሳሳትኩ አርሙኝ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከመነሻው ልጀምር። ሰሞኑን ፌስቡክ ላይ አንድ ፎቶ ሲዞር አይታችኋል። ተዋጊ ጀት ከአንድ ትልቅ አውሮፕላን ጀርባ ተጠግቶ፣ ሰማይ ላይ እንዳለ ነዳጅ ሲቀዳ የሚያሳይ ነው። ከሥሩ «ኢትዮጵያ ይህን ብትገዛ ማን ይደፍራታል?» ይላል። ላይኩ ጎርፍ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ላይክ አድርጌዋለሁ። ደሜ ሞቀ። ማን የአገሩን ጉልበት ማየት ይጠላል?

ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የተማርኩት አካውንቲንግ ነው። ከተመረቅሁ ሁለት ዓመቴ፤ ሲቪዬን ያላስገባሁበት ቢሮ የለም፣ የጠራኝም የለም። ሥራ ባይኖረኝም ሒሳብ የመሥራት አመሉ አልለቀቀኝም። «ስንት ነው? ማን ይከፍላል? ከምን ተቀንሶ? ገዝተን ስናበቃስ ምን ይበላል?» የሚሉ ጥያቄዎች መጡብኝ። ዛሬ እነዚህን ጥያቄዎች አብረን እንፍታቸው። አገር መውደድ ሒሳብ አያስቀርም፤ እንዲያውም አገሩን የሚወድ ሰው ነው ሒሳቧን የሚያጣራላት።

በመጀመሪያ ነገሩ ምንድነው?

ከጅቡቲ ነዳጅ ጭኖ የሚመጣውን ቦቴ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ይኼኛው የሰማይ ቦቴ ነው በሉት። የመንገደኛ አውሮፕላን የሚያክል አካል ውስጥ ነዳጅ ይሞላል፤ ተዋጊው በአየር ላይ ተጠግቶ ይቀዳል። አቀዳዱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው፣ ከቦቴው ጭራ በኩል ወጥቶ በኦፕሬተር እየተመራ ተዋጊው ጀርባ ላይ የሚሰካ ጠንካራ ቧንቧ ነው፤ የአሜሪካ አየር ኃይል ተዋጊዎች የሚጠቀሙት ይህን ነው። ሁለተኛው፣ ጫፉ ላይ ቅርጫት ያለው ጎማ ተዘርግቶ፣ ተዋጊው ራሱ ከአፍንጫው አጠገብ ባለ ቱቦ ቅርጫቱን እየወጋ የሚቀዳበት ነው። አየር ኃይላችን በጥር 2016 ዓ.ም. ከአክሱንጉር ድሮን ጋር ያሳየን የሱ-30 ዓይነት ጀት የዚህ የሁለተኛው ወገን ነው። ስለዚህ የትኛውም የሰማይ ቦቴ ዝም ብሎ ለየትኛውም ጀት አይሆንም። ቁልፍና ጋን ማለት ነው፤ መግጠም አለበት።

የመጠኑን ነገር ልንገራችሁ። ኬሲ-46 የሚባለው አዲሱ የአሜሪካ ቦቴ ወደ 96 ቶን ነዳጅ ይይዛል። በሊትር ስንመነዝረው 120 ሺህ ገደማ ነው። አንድ የመንገድ ቦቴ 45 ሺህ ሊትር ያህል ይጭናል ብንል፣ የሰማዩ ቦቴ አንዴ ሲሞላ ወደ ሦስት የሚጠጉ የጅቡቲ ቦቴዎችን ይውጣል። እሱም ራሱ ከያዘው ላይ እያቃጠለ ነው የሚበረው። ነዳጃችንን ደግሞ በሙሉ ከውጭ ነው የምናስገባው፤ በዓመት ወደ 4 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ እናወጣለን። ናፍጣ ጠፋ ተብሎ አውቶቡስ ሲቆም የከረምን ሰዎች ይህ ቁጥር ይገባናል።

እሺ፣ ለማን ነው የሚያስፈልገው?

እዚህ ላይ ልብ በሉ። የሰማይ ቦቴ ከቤቱ ርቆ ሄዶ ለሚዋጋ ሠራዊት የተፈጠረ ነው። አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1982 እንግሊዝ ከአርጀንቲና ጋር በፎክላንድ ደሴቶች ስትዋጋ፣ ከአሴንሽን ደሴት 6,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኝ የስታንሊን አውሮፕላን ማረፊያ መምታት ፈለገች። አንድ ቮልካን ቦምብ ጣይ ለማድረስ 11 ቪክተር ነዳጅ ቀጂዎች ተነሡ። ቀጂዎቹ እርስ በርሳቸውም እየተቀዳዱ፣ በየተራ እየተመለሱ አንዱን አደረሱት። ቮልካኑ 21 ቦምብ ጣለ፤ መንደርደሪያውን ያገኘው አንዱ ነው። የሩቅ ጦርነት ሒሳብ እንዲህ ነው።

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። ካርታ አውጡ። ከቢሾፍቱ ሕዳሴ ግድብ በቀጥታ መስመር 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሞያሌ ከ600 አይበልጥም። አሰብ እንኳ ከ600 ትንሽ ቢያልፍ ነው። እጅግ ሩቅ የሆነው የምሥራቅ ጫፋችን 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለእሱም ድሬዳዋ ይቀርባል። ከ1991 ዓ.ም. ጀምሮ ያለን ሱ-27 ደግሞ ሙሉ ነዳጅ ይዞ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ መብረር የሚችል ነው። መሣሪያ ሲሸከምና ሲዋጋ ርቀቱ በጣም ይቀንሳል፤ ያም ሆኖ የራሱን አገር ሰማይ ለመጠበቅ ሰማይ ላይ ጡጦ የግድ አያሻውም። በአንጻሩ ከአስዋን ተነሥቶ ግድባችን ድረስ መምጣት የሚያስብ ሰው 1,400 ኪሎ ሜትር ገደማ መሄድ፣ ከዚያም መመለስ አለበት። የነዳጁ ጭንቀት ከእኛ ይልቅ የሱ ነው። ርቀት ለተከላካይ ጋሻ ነው፤ ተራራ ለመንዝ ሰው ጋሻ እንደሆነው።

ግን ሚዛን እንያዝ። አንድ ወገን ብቻ ካወራሁ ካድሬ ሆንኩ ማለት ነው። የሚገዛ ይገዛ የሚለው ሰውም ሁለት ጠንካራ ነጥብ አለው።

አንደኛ፣ አየር ላይ መቆየት። ጠላት ይመጣል ተብሎ በሚጠበቅበት ሰዓት ጀቶችህ ግድቡ ላይ ለብዙ ሰዓት እየዞሩ እንዲጠብቁ ከፈለግህ፣ የሰማይ ቦቴ ካለ በጥቂት ጀት ብዙ ሰዓት መሸፈን ይቻላል።

ሁለተኛው ለእኛ ለደጋ ሰዎች ይበልጥ የሚገባን ነው። ቢሾፍቱ ከባሕር ወለል 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ሲሳሳ ክንፍ የሚያነሣው ክብደት ይቀንሳል፤ ሞተሩም ጉልበት ያጣል። ጀቱ ከባድ መሣሪያም ሙሉ ነዳጅም ይዞ ለመነሣት ይቸገራል። ቦቴ ካለ መሣሪያውን ሞልቶ፣ ነዳጁን ቀንሶ ይነሣና ከላይ ይቀዳል። ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው፤ የሚናቅ አይደለም።

እንግዲህ ጥቅሙ ዜሮ አይደለም። ጥያቄው «ከዋጋው ጋር ሲመዘንስ?» ነው። አራቱን መንገድ በየተራ እንያቸው።

አንደኛው መንገድ፦ አዲስ መግዛት

የአሜሪካ አየር ኃይል እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 ለ15 ኬሲ-46 አውሮፕላኖች የ2.38 ቢሊዮን ዶላር ውል ሰጠ። ሲካፈል አንዱ 158 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ይህ ለባለቤቷ ለአሜሪካ ነው፤ ለውጭ ገዢ ሥልጠናው፣ መለዋወጫው፣ ዕቃ ቤቱ ሲጨመርበት ይከብዳል። አንድ ብቻ ገዝቶ ደግሞ አይሆንም። አንዱ ጥገና ሲገባ፣ አንዱ ለሥልጠና ሲውል፣ አንዱ ዝግጁ መሆን አለበትና ቢያንስ ሦስት ያስፈልጋል። ሦስቱ 474 ሚሊዮን ዶላር። ዶላሩን በ130 ብር ብናስበው ከ61 ቢሊዮን ብር በላይ ነው።

ይህን ቁጥር ከምን ጋር ላወዳድርላችሁ? በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. አገራችን የ1 ቢሊዮን ዶላሩ የዩሮ ቦንድ ወለድ፣ 33 ሚሊዮን ዶላር፣ ሳትከፍል ቀረች። ዓለም በሙሉ «ኢትዮጵያ ዕዳዋን አልከፈለችም» ብሎ ጻፈ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ተለቀቀ፤ ያኔ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 አለፈ። አስተውሉ፦ አንድ የሰማይ ቦቴ ያልከፈልነውን ያንን ወለድ አምስት እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ይህን ረስቶ «እንግዛ» ማለት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ደግሞ አዲስ ስለሆነ ችግር የለበትም እንዳትሉ። ቦይንግ በኬሲ-46 ፕሮግራም ላይ ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከስሯል። ኦፕሬተሩ የሚያይበት የካሜራ ሥርዓት ጉድለት እስካሁን ተሟልቶ አልተስተካከለም። እ.ኤ.አ. በ2019 አውሮፕላኖቹ ውስጥ የተረሱ መፍቻዎችና ቁርጥራጮች ተገኝተው ርክክቡ ቆሞ ነበር። ቦይንግና የአሜሪካ ግምጃ ቤት ይህን ይሸከማሉ። እኛ ብንሆንስ?

ሁለተኛው መንገድ፦ አሮጌውን ማደስ

ይህን በቤታችን ቋንቋ እንየው። እናቶቻችን የበግ ፀጉር ፈትለው የሚያሠሩትን ባና ታውቃላችሁ። ባና ሲያረጅ ይጣፋል። ድርና ማጉ ጤነኛ ከሆነ ጥፉ ዕድሜ ይሰጠዋል፤ ድሩ ከሳሳ ግን አዲሱ ጥፍ አሮጌውን ይቀደዋል። አውሮፕላንም እንዲሁ ነው።

ድሩ ጤነኛ የነበረው የአሜሪካው ኬሲ-135 ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ሥራ ጀመረ፤ ዛሬም ይበራል። ከ400 በላይ የሚሆኑትን አዲስ ሞተር ቀየሩላቸው፣ ኮክፒታቸውን አደሱላቸው፣ ዕድሜ ሰጧቸው። ማደስ አዋጣቸው። ግን ልብ በሉ፦ የጥናቱና የመሣሪያው ወጪ ለመቶዎች ተካፍሎ ነው ያነሰው። ሁለትና ሦስት አውሮፕላን ያለው አገር ያንኑ ወጪ ለሦስት ያካፍላል።

ድሩ የሳሳበት ደግሞ ሕንድ ናት። ኢል-78 የሚባሉ ስድስት ቀጂዎች አሏት። የአገሪቱ ዋና ኦዲተር በ2017 እንደዘገበው ለሥራ ዝግጁ ሆነው የሚገኙት በአማካይ ከግማሽ በታች ነበሩ። ሕንድን የሚያክል አገር፣ ገንዘብም መሐንዲስም ሳይቸግራት፣ ማለት ነው። አዲስ ኤርባስ ልትገዛ ሁለት ጊዜ ጀምራ ሁለቱንም ጊዜ ተወችው፤ አንዱ ምክንያት ዋጋው ነበር።

በዚህ መንገድ ላይ ግን የምንኮራበት ነገርም አለን። ኬሲ-46 የተሠራው ከቦይንግ 767 ነው። 767ን ከአፍሪካ መጀመሪያ ያበረረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው። ግንቦት 1976 ዓ.ም. ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ሳያርፍ፣ ከ12 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ በረሮ ክብረ ወሰን ሰብሯል። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ የመንገደኛ 767ን ወደ ጭነት የሚቀይር ማዕከል አዲስ አበባ ላይ ለማቋቋም ከአንድ የእስራኤል ኩባንያ ጋር ተስማማ። ያው ኩባንያ ነው አሮጌ 767 ወደ ነዳጅ ቀጂ ቀይሮ ለኮሎምቢያ ያስረከበው። ስለዚህ እጃችን ባዶ አይደለም፤ ዕውቀቱ ቦሌ ደጃፍ ላይ ነው።

አየር መንገዱን ግን ከጦር ጋር እናደባልቀው የሚለውን ሐሳብ እኔ አልደግፍም። ዶላር የሚያመጣልን በዓለም ላይ ያለው ስሙ ነው። ያንን ስም ለሁለት ቦቴ ብሎ ማቆሸሽ ወተት የምትሰጥ ላምን ለእርሻ መጥመድ ነው። መካኒኩና መሐንዲሱ ይሠልጥኑ፤ አውሮፕላኑና ስሙ ግን ይለዩ።

ሦስተኛው መንገድ፦ መከራየት

«አንገዛም፣ እንከራይ» የሚል ብልጥ አይጠፋም። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2008 ይህን መንገድ ያዘች። 14 ኤርባስ ቀጂዎችን ከአንድ የኩባንያዎች ጥምረት በ27 ዓመት ውል፣ በ10.5 ቢሊዮን ፓውንድ ተዋዋለች። ከሁለት ዓመት በኋላ የራሷ የኦዲት መሥሪያ ቤት መከላከያው ገንዘቡን በአግባቡ ስለመጠቀሙ ማሳየት አልቻለም አለ። ሕንድ ደግሞ በ2025 አንድ ኬሲ-135 ለሥልጠና ከግል ኩባንያ ተከራየች። ይህኛው የተሻለ ነው፤ ጥቂት፣ ለአጭር ጊዜ፣ ለመማር።

የኪራይ ሌላው አደጋ ጓዳው ነው። አሜሪካ ራሷ በ2000ዎቹ መጀመሪያ 100 የቦይንግ ቀጂዎችን ልትከራይ ነበር። ዋጋውን የምትደራደረው የአየር ኃይሉ ከፍተኛ የግዥ ኃላፊ ዳርሊን ድሩየን ለራሷ ከቦይንግ ሥራ ስትደራደር ተገኘች። በ2004 ዘጠኝ ወር እስራት ተፈረደባት፤ ውሉም ፈረሰ። አዲሱ ቀጂ ለአየር ኃይሉ የደረሰው በ2019 ነው። የአንድ ሰው ስግብግብነት አገር ያህል ነገር ስንት ዓመት አስጠበቀ! እዚያ ኮንግረስም ጋዜጣም ፍርድ ቤትም ስላለ ወጣ። ጥያቄ የማይጠየቅበት ቦታ ቢሆንስ ማን ያወጣዋል?

አራተኛው መንገድ፦ አለመግዛትና ስንቅን ማጠናከር

አድዋን ስናወራ ጦሩንና ጋሻውን ብቻ ነው የምናወራው። ዓፄ ምኒልክን ያስጨነቃቸው ግን ስንቅም ነበር። ያን የሚያህል ሠራዊት አንድ ቦታ ላይ ሲሰነብት ምን ይበላል? እቴጌ ጣይቱም መቀሌ ላይ የጣልያንን ምሽግ ያስጨነቁት ውሃውን በማስያዝ ነው። ስንቅ ያሸንፋል፤ ስንቅ ያሸንፋታል።

የአየር ኃይል ስንቅ ምንድነው? የአብራሪ የበረራ ሰዓት፣ መለዋወጫ፣ የታደሰ ሞተር፣ ራዳር፣ በየማዕዘኑ ነዳጅ ያለው ማረፊያ። ቢሾፍቱ ያለው የደጀን አቪዬሽን ይህንን ሥራ ነው የሚሠራው። በሁለት በኩል ያሉ ሁለት ማረፊያዎችን በነዳጅ ማከማቻ ማጠናከር ሰማይ ላይ ቦቴ ከማንሣት እጅግ ያነሰ ገንዘብ ይጠይቃል። መሬት ላይ ያለ ማከማቻ ፓይለት አይፈልግም፣ ሲያረጅም አይወድቅም። የሰማይ ቦቴ በተቃራኒው ግዙፍ፣ ዘገምተኛና ራሱን መከላከል የማይችል ነው፤ የሚጠብቁት ተዋጊዎች ይፈልጋል። ጠባቂ የሚፈልግ ጠባቂ!

በቃል አይደለም፣ ታሪካችን ይመሰክራል። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ ካረፈ ጀምሮ ስንገዛ ኖረናል፤ ከስዊድን፣ ከአሜሪካ፣ ከሶቪየት፣ ከሩሲያ። በ1969 ዓ.ም. ዚያድ ባሬ ሲወርረን የእኛ ኤፍ-5ዎች ጥቂት ነበሩ፤ የሱማሌ ሚጎች በቁጥር ይበልጡ ነበር። ያሸነፉት በሠለጠኑ አብራሪዎችና በሌሊት ሳይቀር በሚሠሩ ቴክኒሻኖች ነው። እነ ለገሠ ተፈራን ያፈራው ቢሾፍቱ ላይ የተሠራው ትምህርት ነው። ለገሠ ከተመታ በኋላ 11 ዓመት በሱማሌ እስር ማቀቀ፤ ይህን ዋጋ ምንም ዶላር አይከፍለውም።

ከዚያው ታሪክ ሌላው ትምህርት ደግሞ፦ በዚያው ሰሞን አሜሪካ የመሣሪያ አቅርቦቷን አቋረጠችብን። ሻጭ ቁልፉን ኪሱ ይዞ ነው የሚሸጥልህ። የሰማይ ቦቴ ደግሞ ከተዋጊ የበለጠ በሻጭ ላይ የሚያንጠለጥል ነው። እሱ ከቆመ በእሱ ላይ ተማምነህ ያቀድከው በሙሉ ይቆማል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ይኼኔ ነው።

ስለዚህ የእኔ ሚዛን እንዲህ ይላል። ዛሬ አዲስ መግዛት፣ አይሆንም። አሮጌ ገዝቶ ማደስ፣ ዕዳችን ቀሎ፣ ያሉት ጀቶች በደንብ መብረር ሲጀምሩ፣ ያኔ ይጠና። ኪራይ፣ ለሥልጠና ብቻ፣ ውሉ በምክር ቤት ታይቶ። ተዋጊው ለተዋጊ የሚቀዳበት፣ ከአውሮፕላኑ ሥር የሚንጠለጠል ትንሽ መቅጃ የሚባልም አለ፤ ሕንድ በሱ-30ዎቿ ትጠቀምበታለች። ለመጀመር የሚቀርበን እሱ ነው። አሁን ግን ቅድሚያው ስንቅ።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ይህን ንግግር ስጽፍ እናቴ «ምንድነው የምትጽፈው?» አለችኝ። ሰማይ ላይ ነዳጅ ስለሚቀዳ አውሮፕላን ነው አልኳት። ዝም ብላ ቆየችና «ልጄ፣ እኛ እኮ ሰማይ ላይ ድምፅ ስንሰማ ለማን እንደመጣ የማናውቅ ሰዎች ነን» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። የመሣሪያ ጥያቄ ስንት ነው ብቻ አይደለም፤ በማን ላይ ነው የሚለውንም ይዞ ይመጣል። ለአገር ድንበር የተገዛ ነገር ድንበር ላይ ይዋል። የገበሬ እናት ሰማዩን ቀና ብላ ዝናብ ብቻ የምትጠብቅበት ቀን ይምጣ። ከዚህ የሚበልጥ የአየር ኃይል ድል አላውቅም።

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ከእናንተ ግማሾቻችሁ እንደኔ ዲግሪያችሁን ሣጥን ውስጥ አስቀምጣችሁ የምትጠብቁ ናችሁ። «ሥራ የሌለው ስለ ጀት ምን አገባው?» ይሏችኋል። ያገባናል። የሚከፈለው ከእኛ ነው፤ ከትምህርት ቤታችን፣ ከመንገዳችን፣ ከጤና ጣቢያችን። አያቶቻችን የጓሳን ሣር ለዓመታት ከልለው፣ ጠባቂ አቁመው፣ ሲደርስ ብቻ ነበር የሚያጭዱት። ድሃ ስለነበሩ አይደለም፤ ነገ የሚባል ነገር መኖሩን ስለሚያውቁ ነው። እኛም የአገራችንን ገንዘብ እንደ ጓሳ እንጠብቅ።

ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ ዓይነት ፎቶ ስታዩ ላይክ ከማድረጋችሁ በፊት አምስት ነገር ጠይቁ። ዋጋው ስንት ነው? በዓመት ምን ይበላል? ካለን ጀት ጋር ይገጥማል? ሻጩ ቢያኮርፍ ምን እንሆናለን? በዚያው ብር ሌላ ምን ይሠራል? አምስቱም መልስ ካገኙ አብሬያችሁ አጨበጭባለሁ። መልስ ከሌላቸው ግን ነገሩ አባቶቻችን የሚሉት ነው፦ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ከተሳሳትኩ በኮሜንት አርሙኝ፤ ስድብ ሳይሆን ቁጥር ይዛችሁ ኑ። ጠቃሚ ነው ካላችሁ ለጓደኛ አጋሩት።